ግራኝ ቢሆን ኖሮ

ባሌ ኤሊሂዮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሕፃናት ቤዝቦል ሲያሠለጥን ለአንድም ወላጅ «ልጅህ ጎበዝ ነው» ብሎ አያውቅም። ሰው ኩራት ይመስለው ነበር። «ኦማይራ፣ የባልሽን አፍ በመርፌ ሰፍተሽዋል እንዴ?» እያሉ እኔን ይነዘንዙኛል። ኩራት አልነበረም። የሚያሠለጥናቸው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ነው፤ እዚህ ካጉዋ ከተማ ውስጥ «ዘሮቹ» እንላቸዋለን። «ዘር ሳይበቅል አይመሰገንም» ይላል እሱ። እውነቱን ነው። የአራት ዓመት ልጅ ምኑ ይመሰገናል? ቆቡ ዓይኑ ላይ ይወድቃል፣ ጓንቱ ከሆዱ ይሰፋል፣ ኳሷ አጠገቡ ስታልፍ እሱ ጉንዳን ይቆጥራል። ቆቦቹን ከኋላ እየሰፋሁ የማጠብላቸው እኔ ነኝ፤ ስንት ጭንቅላት ለክቻለሁ መሰላችሁ!

ሥራውን ግን ያውቃል፤ ይኼን ጠላቱም አይክድም። ሕፃን ልጅ ዘንግ ላይ የተቀመጠችውን ኳስ ከመታ በኋላ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ መሬት ላይ ወደተነጠፈችው ምልክት፣ መሮጥ አለበት። አይሮጥም። ዱላውን ጥሎ አጥር ጋ ወደቆመችው እናቱ ይበራል። ሌላው አሠልጣኝ ይጮኻል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ቀኑ ያልቃል። ኤሊሂዮ ግን እናቶቹን ከአጥሩ አምጥቶ ተራ በተራ ቤዙ ላይ አቆማቸው። «እጅሽን ዘርግተሽ ቁሚ፤ ሌላ ምንም እንዳትሠሪ» ይላታል። ልጁ ኳሷን መታ ያደርግና እናቱ ጉያ ይወሸቃል። በሁለተኛው ወር እናትየው ዞር ትላለች። ልጁ ደርሶ ሲያጣት አንዳንዴ ያነባል፣ ግን ደርሷል። በዚህ ዓይነት ስንቱን አሳደገው። ልጆቹ «መምህር» ለማለት «ፕሮፌ» ይሉታል፤ አድገው ጢም ካወጡም በኋላ ፕሮፌ ነው።

እኛ ልጅ አልወለድንም። ልለው የምፈልገው ይኼን ያህል ብቻ ነው።

ካሳደጋቸው አንዱ ኤውክሊደስ ነው፤ ዛሬ የማራካይ ከተማ መስመር ሚኒባስ ሾፌር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለአሜሪካ ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡ መልማዮች ፊት ቀርቦ ወረወረ። «ክንድህ ደህና ነው፤ ግን እንዳንተ ያለ ቀኝ እጅ ሞልቶናል» ብለው ሸኙት። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ ናት። አግብቶ ዮናይከርን ሲወልድ ኤሊሂዮን ለክርስትና አባትነት ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ አበልጅ ናቸው። ኤውክሊደስ ባሌን «እርስዎ» ነው የሚለው፤ አበልጅነት ይከበራል እኛ ጋ። ባሌማ ልጁን ሲያቅፍ ማየት ነበር! በየእሑዱ ይዞት ይመጣል፣ ትከሻው ላይ ያስተኛዋል፣ አላወርድም ይላል። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁ እኮ እግር አለው» እለው ነበር።

ዮናይከር አራት ዓመት የሞላው ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ተሰብስበናል። ከረሜላ የታጨቀበት የወረቀት ፈረስ ማንጎ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ልጆቹ ተራ በተራ በዱላ ይደበድቡታል፣ ፈረሱ ንቅንቅ አላለም። ዮናይከር ተራው አልደርስ ሲለው ከመሬት አንድ ጥሬ ማንጎ አነሳና ወረወረ። ከዚያ ርቀት! ፈረሱን አንገቱን ብሎት ከረሜላው ዝርግፍ። ሁሉም ጮኸ። ባሌ ሦስት ቢራ ጠጥቷል። ከወንበሩ ብድግ አለና፦

«ይቺ ክንድ! ወይኔ፣ ግራኝ ቢሆን ኖሮ ቤት ታቆም ነበር!»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኛ አገር ግራኝ ወርዋሪ ብርቅ ነው፤ መቺውን በስሙ ግራ ያጋባዋል፣ መልማይ ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። ይኼን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ኤውክሊደስ አልሳቀም፣ አላጨበጨበም። ጠርሙሱን እንደያዘ የልጁን እጆች ያይ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ዮናይከር ልምምድ ሲመጣ ጓንቱን በቀኝ እጁ አጥልቋል። በቀኝ የሚወረውር ልጅ ጓንቱን በግራ ነው የሚያደርገው። ኤሊሂዮ የልጅ ስህተት መስሎት ሊያዛውርለት ሲል ልጁ እጁን ነጠቀው። በግራው ወረወረ፤ ኳሷ እግሩ ሥር ወደቀች። ደግሞ ወረወረ፣ ደግሞ ወደቀች። ባሌ ሸሚዙን ቢገልጠው፣ የቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ በፋሻ ከጎኑ ጋ ታስሯል።

እናቱ ማይጓሊዳ ጋ ሄድኩ። በቆሎ እየፈጨች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«አባቱ ጠዋት ያስረዋል፣ ሲተኛ ይፈታዋል» አለችኝ። «መጀመሪያ ያለቅስ ነበር። አሁን እጁን ራሱ አመቻችቶ ይሰጠዋል።»

«አንቺስ ዝም ትያለሽ?»

«ምን ልበል ወይዘሮ ኦማይራ? እናንተው ናችሁ ያላችሁት።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ባሌ የስንቱን ልጅ ክንድ አሽቶ መልሷል፤ የራሱን አፍ ግን ማን ይሽለት! በማግስቱ ኤውክሊደስ ሚኒባሱን ሲያጥብ አገኘነው።

«አበልጅ፣ የልጁን እጅ ፍታ» አለው ባሌ።

«ራስዎ አይደሉም እንዴ ያሉኝ?»

«ጠጥቼ ነው የቀባጠርኩት።»

«እውነት የሚወጣው ሲጠጣ ነው። ሠላሳ ዓመት ስለ ሰው ልጅ ትንፍሽ አላሉም። አንድ ቀን አፍዎን ከፈቱ፣ እሱም ስለኔ ልጅ። እና ዝም ብዬ ልለፈው?»

«አራት ዓመቱ ነው፣ ኤውክሊደስ! አራት!»

«ለዚያ እኮ ነው። እንጨት የሚታረቀው በለጋው ነው።»

«አንተ ካልፈታኸው እኔ ሜዳ ላይ እፈታዋለሁ።»

ኤውክሊደስ ባልዲውን አስቀመጠ። «የፈቱት ቀን የክርስትና ልጅ የለዎትም» አለ፣ ረጋ ብሎ፣ በአክብሮት።

ባሌ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣ። «ምን ላድርግ አሮጊቷ?» ይለኛል። «ዝም ካልኩ እጁን አጠፋሁት፤ ከፈታሁት ልጁን አጣሁት።» እኔ ፍታው አልኩት። ዛሬም ብትጠይቁኝ ፍታው ነው የምለው።

ሐሙስ ዕለት ፈታው። ዮናይከር ቀኙን እያወናጨፈ ሜዳውን ዞረ፣ ያገኘውን ሁሉ ወረወረ፦ ኳስ፣ ቆብ፣ የጓደኛውን ጫማ። እስኪያስነጥሰው ሳቀ። እኔም አጥሩ ጋ ቆሜ እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ወሬ ደግሞ እግር አላት። ልምምዱ ሳያልቅ ሚኒባሱ ከነተሳፋሪዎቹ መጥቶ ሜዳው ዳር ቀጥ ብሎ ቆመ። ኤውክሊደስ ልጁን በብብቱ ይዞ፣ እናቶች ሁሉ እየሰሙ፣ ባሌን አንተ አለው።

«አንተ ሽማግሌ! የኔ ዕድል ሲዘጋ ቆመህ ማየትህ አልበቃህም? የልጄንም ልትዘጋ ነው?»

ልጁ ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ «ፓድሪኖ! ፓድሪኖ!» እያለ ይጣራል፤ የክርስትና አባቴ ማለቱ ነው። ሁለት ዓመት አለፈው፣ ድምፁ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ኤውክሊደስ ልጁን ከከተማው ወዲያ ማዶ ላለ ቡድን ወሰደው። ባሌ በየእሑዱ እዚያ ድረስ እየሄደ፣ ከአንድ የቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ሆኖ ያያል። «ክብርህን ጠብቅ እንጂ፣ ሌባ ነህ እንዴ?» ብለው መቼ ይሰማኛል! እየተመለሰ «ዛሬ ቆቡ ሰፍቶታል፤ የሚያጠብለት የለም» ይለኛል።

ባለፈው ታኅሣሥ የዓመቱ መዝጊያ በዓል እኛ ሜዳ ላይ ተደረገ፣ ሁሉም ቡድን መጣ። ለትንንሾቹ ውድድር ነበር፦ አሮጌ ጎማ በገመድ ተንጠልጥሎ ኳስ በመሐሉ ማሳለፍ። የዮናይከር ተራ ደረሰ። ስድስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። በግራው ወረወረ፣ አለፈች። ሁለተኛዋም አለፈች። ሦስተኛዋም። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፣ አማረበት! ቢስትማ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ።

ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ኤውክሊደስ ማይክሮፎኑን ቀምቶ፣ እንባው እየወረደ፦

«ይኼ የፕሮፌ ኤሊሂዮ ሥራ ነው! ግራኝ አድርገው ያሉኝ እሳቸው ናቸው! አበልጄ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይምጡ!» ብሎ ባሌን አንቆ ሳመው።

ባሌ ማይክሮፎኑን ተቀበለ።

«ውሸት ነው» አለ። «ሰክሬ የተናገርኩት ነገር ነው። የልጁን እጅ ሁለት ዓመት በፋሻ አስሮ ነው ይኼን ያመጣው። ነውር ነው። ማናችሁም ልጃችሁን እንዳታስሩ። እለምናችኋለሁ።»

አጨበጨቡለት። ድንቄም መስማት! «ፕሮፌ ሁሌም ትሑት ነው» ተባባሉ። ከመድረኩ ሳይወርድ አንድ አባት ክንዱን ያዝ አድርጎ፦

«ፕሮፌ፣ ፋሻው ተራው ነው ወይስ የሚለጠጠው ላስቲክ?» አለው።

እግዜር ያሳያችሁ! ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጎረቤታችን ነው፣ ውሃ ሲጠፋ በርሜል የሚሸከምልን። የሰማው ግን የፈለገውን ብቻ ነው።

በጥር ልምምድ ሲጀመር ከአሥራ አንዱ ሕፃናት አራቱ ጓንታቸውን በቀኝ አጥልቀው መጡ። ባሌ አዛወረላቸው። በማግስቱ እናቶቹ መጡ። «ፕሮፌ፣ ቤት ውስጥ ጠብ አያንሱብን፤ አባቱ ይቆጣል» አሉት። አላዛውርም ብሎ ማሠልጠን አልቻለም፣ አዛውሮም ልጆቹ አልቀሩለትም። አንድ በአንድ ወደ ማዶ ሄዱ። ኤውክሊደስ ለካ ሚኒባሱን ለወንድሙ ሰጥቶ እዚያ ማሠልጠን ጀምሯል። በመጋቢት ባሌ ሦስት ልጅ ቀረው። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ መሮጥ አይወድም፣ ቤዙ ላይ ተቀምጦ ብስኩት ነው የሚበላው። አንድ ሰኞ ባሌ ወደ ሊጉ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቡድኑን አስረከበ። ለማን እንደሰጡት አትጠይቁኝ፣ ታውቁታላችሁ።

ኤውክሊደስ የኳሱን ከረጢትና ዘንጎቹን ሊወስድ እኛ ቤት መጣ፣ ዮናይከርን አስከትሎ። ልጁ እንደ ደንቡ «ይባርኩኝ ፓድሪኖ» አለ፣ ባሌም «እግዚአብሔር ይባርክህ» አለው። የምሳ ሰዓት ነበር። በምሳ ሰዓት ደጄ የመጣን ሰው ጠላቴም ቢሆን ሳላበላ አልሸኝም። ጥቁር ባቄላና ሩዝ አቀረብኩ። ኤውክሊደስ «መጀመሪያ ልጫን» ብሎ ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ፤ ልጁ ከኛ ጋር ቀረ፣ ማንኪያውን በግራው ይዞ።

ባሌ ወደሱ ጎንበስ አለ። «አባትህ ውጭ ነው፣ ልጄ። እዚህ ቤት በፈለግከው እጅ ብላ። ማንም አይቆጣህም።»

ልጁ በሩን አየ፣ ማንኪያውን አየ። ቀስ ብሎ ወደ ቀኙ አዛወረው። ባቄላውን ዛቀ፣ እጁ ወዲያ ወዲህ አለ፣ አፉ ሳይደርስ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ፈሰሰ። ዮናይከር ማንኪያውን ጣለና በግራው ቀኙን በጥፊ አላት፣ አጥፊ ልጅ እንደሚመታ።

«ይቺ ደደብ ናት» አለን። «አትረባም።»

«ማነው እንደዚያ ያለህ?» አለ ባሌ።

«እርስዎ» አለ ልጁ፣ ገርሞት። «ፓፓ ነው የነገረኝ። እሳቸው ናቸው የሚያውቁት አለኝ።»

ባሌ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ጎንበስ ብዬ ቀኝ እጁን ያዝኩና ሳምኳት። ልጁ ደንግጦ ነጠቀኝና ከጀርባው ደበቃት።