ለአንድ ልጅ አንድ ጥሩንባ

ጀሞ፣ እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር፣ አንድ የሠርግ ዕቃ አከራይ ሱቅ ከፍቷል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሞንታርቦውን ሲሞክር፣ ገና ዘፈን ሳይጀምር፣ መጀመሪያ «ጧ» ይልና ቀጥሎ እምምም የሚል ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ይከተላል። ጎረቤቶቼ የሚያማርሩት ከዚያ በኋላ በሚለቀቀው ዘፈን ነው፤ እኔን ግን የሚያስፈራኝ ከዘፈኑ በፊት ያለችው ያቺ ጉምጉምታ ናት። እጄ ላይ ያለውን ሁሉ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ይሄን ሁሉ ዕድሜ ኖሬም፣ ከጉምጉምታዋ ቀጥሎ ወንድሜ የሚናገር ይመስለኛል።

ወንድሜ ሚኪያስ በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ያደግንባት ላፍቶ ያኔ ከተማም ገጠርም ሳትሆን በመሃል የቀረች ሰፈር ነበረች፤ ከአጥራችን ማዶ የጤፍ ማሳ ነበር፣ ታክሲ ለመያዝም ጭቃውን አቋርጦ ረጅም መንገድ መሄድ ግድ ነበር። ክረምት ሲገባ ሜዳው ረግረግ ይሆንና ኳስ መጫወት ይቀራል፣ ሚኪያስም ቤት ውስጥ ተቀምጦ ኳሱን በአፉ ይጫወተው ነበር። የአባዬን ቴፕ አልጋው ላይ አስቀምጦ፣ የመቅጃዋን ቀይ ቁልፍ ተጭኖ፣ የላፍቶ ልጆች ከለቡ ልጆች ጋር የሚያደርጉትን በዓለም ላይ ኖሮ የማያውቅ ግጥሚያ፣ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ያስተላልፍ ነበር። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ላፍቶ ነበር፤ ጎሉን የሚያገባውም ራሱ ሚኪያስ ነበር፣ የራሱን ስም ሲጠራ ደግሞ «ድንቁ ተጫዋች» ሳይል አያልፍም። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ፣ መርካቶ ቅመም ስትሸጥ ውላ መጥታ ሕፃኗን ለማስተኛት ስትታገል፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆና «ሚኪያስ! ቀንስ እንጂ፣ ልጅ ተኝቷል!» ብላ ትጮህበት ነበር። እሱም ለጥቂት ጊዜ በሹክሹክታ ያስተላልፍና ጎል ሲገባ ሁሉን ይረሳዋል።

በዚያ ክረምት ሐምሌ ላይ ማሳል ጀመረ። ነሐሴ ላይ ትኩሳቱ አልበርድ ሲል አባዬና እማዬ ተሸክመውት ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ፣ የሳንባ ምች ነው፣ ዘግይታችኋል ተባሉ፣ እነሱም ያለ እሱ ተመለሱ። ለቅሶው እስኪያልቅ እኔን እትዬ ከድጃ ቤት አቆዩኝ። ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ቤቴ ስመለስ አልጋው ተነሥቶ፣ ልብሱ ለነዳያን ተሰጥቶ፣ ስሙን የሚጠራ ሰው ጠፍቶ ጠበቀኝ። የት ሄደ ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም፤ የተነገረኝ ነገር ባይኖርም ገብቶኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ የአበባው ሰሞን አልፎ፣ አንድ ቀን አባዬ ዘፈን ልስማ ብሎ አሮጌ ካሴት ሲከት ሚኪያስ ወጣ። ለካ ዘፈኑን አጥፍቶ ከላዩ ላይ ግጥሚያ ቀድቶበት ኖሯል። አባዬ እንደቆመ ሰማው፣ ወደኋላ አጠነጠነና እንደገና ሰማው፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ ጥቂት አዳመጠችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ካሴቱን አስቀምጠው ታደሰ» አለችው። «ማንም አይንካው፣ ግን አታጫውተው።»

አባዬ ጆሮ አልሰጣትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ቴፑን ይከፍት ነበር። ግን የቴፑ ስፒከር ትንሽና አሮጌ ስለነበረ ድምፁን አፍኖ ያወጣው ነበር፣ እሱም «ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም፣ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋበት ሰው ነው» እያለ ይበሳጭ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ድምፁ እየጠፋብኝ ነው» አለ። «መልኩን ፎቶ ይይዝልኛል፣ ድምፁ ግን በየቀኑ እየራቀኝ ነው።» እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አባዬ መሃል ከተማ ካለ አንድ ሲኒማ ቤት የድምፅ ሠራተኛ ነበር። ሲኒማ ቤቱ አዳዲስ ስፒከር ሲያስገባ፣ ድሮ ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩትን፣ ጥሩንባ የሚባሉትን የብረት ስፒከሮች መጋዘን ወርውሯቸው ነበር። አባዬ አስፈቅዶ፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ እኔን ይዞኝ ሊመርጥ ሄደ። «ለሰው ድምፅ ጥሩንባን የሚያህል የለም» ይለኝ ነበር፤ «ሌላው ስፒከር ድምፁን ወደ ቤቱ ይበትነዋል፣ ጥሩንባ ግን ሰውየውን ራሱን አምጥቶ ፊትሽ ያቆመዋል።» እኔ በአቧራው ሳስነጥስ እሱ እያንዳንዱን ገልብጦ ይነቀንቅና ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ በጣቱ አንጓ ብረቱን ይመታና የሚቆይ ጩኸት ካለው ይተወዋል፣ ቀጭኑን ጉሮሮውን በባትሪ ያይና ዝገት ካለው ይተወዋል። መጋዘን ጠባቂው ሁለት እንዲወስድ ነገረው፣ ለሙዚቃ አንድ አይበቃም ብሎ። አባዬ ግን አንዱን ብቻ መረጠ። «ለአንድ ልጅ አንድ ይበቃዋል» አለ።

በሚኒባሱ ስንመለስ እንዳይጋጭበት ጋቢውን አልብሶ ጭኑ ላይ አቅፎት ነበር። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ጋቢውን አየችና ቦታ ለመልቀቅ ጠጋ እያለች «ውይ፣ ልጁን አሞት ነው?» አለች። አባዬም «አዎ፣ ትንሽ አሞታል» አላት። ይቀልዳል ብዬ ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በጥገና አለፉ። የጥሩንባው ነፍስ ዲያፍራም የሚሉት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ክብ ነገር ነው፤ የእኛው በአንድ ጎኑ ተቀዶ ነበር። አባዬ በሙጫና በቀጭን ወረቀት ጠገነው፣ ከዳሩ የተጠመጠመውን ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ ፈትቶ እንደገና ጠመጠመው፣ ሳሎኑም የብየዳ እርሳስና የሙጫ ሽታ ብቻ ሆነ። ሲጨርስ ጥሩንባውን ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ሞከረና አልወደደውም፣ ዝቅ አደረገው፣ መልሶ ከፍ አደረገው። መጨረሻ ላይ ከጥግ ሚስማር መትቶ ያቆመው ልክ የሚኪያስ አፍ በሚሆንበት ቁመት ላይ ነበር። ምን እየለካ እንደነበር አልነገረንም፣ መንገርም አላስፈለገውም።

የከፈተው ቀን፣ እምምም ከሚለው ጉምጉምታ ቀጥሎ፣ ሚኪያስ ጥጉ ላይ ቆሞ ተናገረ። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። እኔ ፈርቼ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ገባሁ፣ እማዬም አባዬን ሳይሆን ጥጉን ታይ ነበር። ግጥሚያው ሞቅ አለ፣ ኳሷ ወደ ለቡ ጎል ተጠጋች፣ ይሄኔ ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ከድጃ «ሚኪያስ! ቀንስ እንጂ፣ ልጅ ተኝቷል!» ብላ ጮኸች። ጥቂት ቆይቶ በራችን ተንኳኳ፤ እትዬ ከድጃ ባዶ እግሯን፣ እጇ በሊጥ እንደተነከረ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «ይቅር በሉኝ፣ አፌ ነው፣ አፌ ለምዶ ነው» እያለች አለቀሰች። እማዬ አቅፋት አብራ አለቀሰች። አባዬ ግን ተደስቶ ነበር፤ እትዬ ከድጃ መሳሳቷ ለእሱ ሥራው ለመሳካቱ ምስክር ነበር። እኔም ከእሱ ጋር ተደሰትኩ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አባዬ ግን ጥሩንባው ሲጮህ ብረቱም አብሮ ይዘፍናል ብሎ፣ ጀርባውን ሬንጅ ቀብቶ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቀለለው። ለወፍራሙ ድምፅ አናጢ ዘንድ ሄዶ ትልቅ ሳጥን አሠራ፣ የቴፑን ራስ በአልኮል አጠበ፣ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ የሚለይ ኮንደንሰር ለመፈለግ እየተመላለሰ ምናለሽ ተራን መኖሪያው አደረገው። ጥር ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ በዋለበት አንድ ከሰዓት፣ ውጭ ዝናብ ሲወርድ ሰማሁና ልብስ ላነሣ ሮጥኩ። ደጁ ፀሐይ ነበር። ልብሱን አቅፌ ስመለስ ዝናቡ አሁንም ቤት ውስጥ እየጣለ፣ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሚኪያስም ከዝናቡ በላይ እየጮኸ ነበር። ከዝናቡ ጀርባ ደግሞ ጓዳ ሆኖ የሚያወራ ሰው ያለ ይመስል የሚጉረመረም ነገር ነበር።

«ሰማሽ ፀሐይ? ሰው አለ እዚህ ውስጥ» አላት አባዬ እማዬን፣ ጆሮውን ጥሩንባው አፍ ውስጥ ከትቶ።

«ይበቃል ታደሰ» አለች እማዬ። «ከዚህ በላይ አትነካካው።»

«ምኑ ነው የሚበቃው? ገና ትንፋሹን ሲስብ እንኳን በቅጡ አልሰማሁትም።»

«ለእኔ በቅቶኛል።»

«እንግዲያው ጆሮሽን ያዢ!»

በሕይወቴ አባዬ እማዬን እንዲህ ሲናገራት ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሷ ጓዳ ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፣ ታጥቦ ያለቀውን ሁሉ እንደገና አጠበችው። እኔ ተናደድኩባት። ልጇን የማትወድ፣ ድምፁን እንኳን የማትፈልግ ክፉ እናት መሰለችኝ፣ ለብዙ ቀንም ምግብ ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ አላየኋትም። የአባዬ ወገን ነበርኩ። እኔም እሱን ሰውዬ፣ ዝናቡ ውስጥ ያለውን፣ ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ግንቦት ላይ አባዬ ካንድ አሮጌ ሬዲዮ ጠጋኝ እጅ ምንም ያልተነካ ዲያፍራም አገኘ። እሁድ ነበር፣ ምሳ በልተን ነበር፣ መጋረጃው ሁሉ ክፍት ነበር። የተጠገነውን አውጥቶ አዲሱን ገጠመ። እማዬ ወትሮ ካሴቱ ሲከፈት ጓዳ ነበር የምትገባው፤ ያን ቀን ግን ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ከአጠገቡ ተቀመጠች። አባዬ ተሸነፈች ብሎ ይመስለኛል ፈገግ አለላት።

ጉምጉምታው መጣ። ዝናቡ መጣ። «ኳሷ አሁን ወደ ሚኪያስ ተሻገረች፣ ድንቁ ተጫዋች ሚኪያስ…» አለ ወንድሜ፣ ከዚያ አሳለ። ሁለተኛ አሳለ፣ ከደረቱ ሥር የሚመጣ፣ ሸካራ ሳል። ከዚያ ከዝናቡ ጀርባ፣ ከጓዳ፣ የእማዬ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ታደሰ፣ ይሄ ልጅ ሳሉ ከበደ እኮ። ነገ ሐኪም ቤት ብንወስደውስ?»

«ባክሽ ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» አለ አባዬ፣ ዝናቡ ውስጥ ሆኖ።

«ጎ…ል!» አለ ሚኪያስ።

ካሴቱ መዞሩን ቀጠለ፣ ላፍቶ እየመራ ነበር። አባዬ ክው ብሎ ቀረ፣ እጁም ቴፑ ጋ አልደረሰም። የዘጋችው እማዬ ናት።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«ቤት ውስጥ ነበርኩ እኮ ታደሰ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ ረስተኸው ነበር። እንደተረሳ ይቅርልህ ብዬ ነው።» ከዚያ እጁን ያዘችውና «ደግሞ አንተ ብርድ ነው ስትል፣ እኔም እውነት ነው ብዬ አይደል ወጤን ማማሰል የቀጠልኩት» አለችው።

አባዬ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ እማዬን አየኋት፤ ከመስከረም ጀምሮ ያቺን አንዲት ቃል ብቻዋን ተሸክማ፣ እሱ ሲቆጣት ችላ፣ እኔ ሳኮርፋት ችላ ነበር የከረመችው። ሄጄ ላቅፋት ፈለግኩ፣ ግን አፈርኩና እንደቆምኩ ቀረሁ።

በማግስቱ አባዬ አዲሱን ዲያፍራም አወጣው። የተቀደደውን፣ ያንን የተጠገነውን መልሶ ገጠመ፣ ብርድ ልብሱንም ከነሬንጁ ገፈፈው። ድምፁ እንደገና ጭጋግ ገባበት፣ ብረቱም መዝፈኑን ጀመረ። «ይሄ ይሻላል» አለ። ሰው ያለ የሌለ ጉልበቱን የጨረሰበትን ሥራ በገዛ እጁ ሲያበላሽ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲመለስ፣ እውነተኛው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሚኪያስን ይሰሙ ነበር። ሳሉ የሚመጣበት ቦታ ሊደርስ ሲል እማዬ ሁልጊዜ «ሻይ ልጨምርልህ?» ትለው ነበር፤ እሱም ብርጭቆው ሞልቶም ቢሆን «ጨምሪልኝ» ይላት ነበር። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ፣ ሁለቱም ተራ በተራ አረፉ፣ ካሴቱም ለእኔ ደረሰ።

ዘንድሮ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ፣ ድምፅ መቅረጽ የተማረ፣ ካሴቱ ሳይበላሽ ኮምፒውተር ላይ ላስተላልፍልሽ አለኝ። በማግስቱ ደወለልኝ። «ከኋላ ዝናብ አለ፣ የሚያወሩ ትልልቅ ሰዎችም አሉ» አለኝ። «ላጥፋቸው? ልጁ ብቻ ይቀራል።» ለአባዬ ውለታ የምውልለት መሰለኝና አጥፋቸው አልኩት። ያኔ አባቴ ከዚያች ቃል ለመሸሽ ስንት ወር የለፋበትን ዕቃ ማበላሸት ነበረበት፣ እናቴም ስንት ዓመት ሻይ መቅዳት ነበረባት፤ ዛሬ አንድ ወጣት በጣቱ ነክቶ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

ሥራው ምንም አይወጣለትም። ዝናቡ የለም፣ ጓዳው የለም፣ ወንድሜ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ነው የሚናገረው። ኳሷን ይቀበላል፣ ያስላል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ እንደገና ያስላል፤ ቤቱ ውስጥ ሳሉን የሚሰማ ማንም የለም።