ሰንሰለቱ አልበጠስ ያለኝ ቀን

ባለፈው እሑድ ከሰዓት... ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፌ፣ ብስክሌት ገልብጬ ትግል ይዣለሁ። ሰንሰለቱ ዝጎ ከመድረቁ የተነሣ የኋላውን ጎማ ጠፍንጎ አስሮታል።

ብስክሌቱ ለሰናይት ነው። ሰናይት በዲቪ ከመጣች አራተኛ ወሯ ነው፤ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእኔ አፓርትመንት በላይ ዘመዶቿ ጋር ትኖራለች። ሰኞ ጎህ ሳይቀድ አዲስ ሥራ ትጀምራለች፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ በእኛ በኩል ባስ የለም። አለቃዋ «በመጀመሪያው ቀን ያረፈደ ባይመጣ ይሻላል» ብሏታል። «አይዞሽ፣ በብስክሌት ትሄጃለሽ» ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

ብስክሌት መጠገን ማንም አላስተማረኝም። ሰው ቆሻሻ መጣያው ጋ ጥሎ የሚሄደውን እያመጣሁ፣ ፈትቼ እየገጠምኩ፣ የተረፈኝን ብሎን ይዤ «ይሄ ደግሞ የት ነበር?» እያልኩ ነው የለመድኩት። መጀመሪያ ሰሞን ጎማ የማወልቀው በሾርባ ማንኪያ ነበር።

አሁን ግን ክሎዜት በሚሉት የካፖርት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ካፖርት የለም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጣውላ ግድግዳው ላይ መትቼ፣ መፍቻውን፣ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን በየቦታቸው ሰቅያለሁ። የጎደለው ወዲያው እንዲታወቀኝ የእያንዳንዱን ቅርጽ በማርከር ስዬበታለሁ። ብሎንና ዳዶ በቅመም ብልቃጥ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው የሰንሰለት መበጠሻዬን ነው... አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት፣ ጠምዘዝ ሲያደርጓት ፒኑን ገፍታ ታወጣና ሰንሰለቱን ትለያየዋለች።

ያን ቀን ታዲያ ጫፏ ተሰበረ።

ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ፣ ጋሽ ታዬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ፣ ዕቃ ያውሱኛል። እጄ በግራሶ ስለተለወሰ በትንሿ ጣቴ ቴክስት አደረግኩላቸው፦

«ሰንሰለቱ አልበጠስ አለኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስታገለው ዋልኩ፣ እጄም ቆሰለ። ብቻዬን አልቻልኩም። እባክዎ ይድረሱልኝ።»

ስልኩን ገና ከማስቀመጤ መንዘር ጀመረ። አላቆም አለ።

«አሜን! ይበጠሳል!»

«በኢየሱስ ስም ይበጠስ!»

«እህቴ ሙሉ፣ ለካ ያ ሁሉ ዝምታሽ ለዚህ ነው!»

የላክሁት ለጋሽ ታዬ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ግሩፕ ነው... አውቀዋለሁ የምለው ሰው ሁሉ ያለበት።

እኔ ሰው ፊት የማልናገር ሰው ነኝ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን እንኳ የጸሎት ርዕስ ሰጥቼ አላውቅም። «ተሳስቼ ነው የላክሁት» ብዬ ልጽፍ ስል፣ «ተሳስቼ ነው» የምትለዋ ብቻዋን አምልጣኝ ሄደች።

«ሃሌሉያ! ንስሐ ገባች!» አለ አንዱ።

ስልኩን ገልብጬ ወደ ብስክሌቱ ተመለስኩ።

ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። እህት ዘውዴ ናቸው፣ የጸሎት ቡድኑ መሪ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ ከስፕሪንግፊልድ ድረስ የቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን ነድተው ነው የመጡት። ከኋላቸው ሁለት እህቶች አሉ።

«መቼ መቼ ነው የሚይዝሽ?» አሉኝ ገና ደጃፉ ላይ።

«ምኑ?»

«አትፈሪ። ዛሬ ይለቅሻል።»

አንዷ እህት ካፖርቷን አውልቃ ልትሰቅል ክሎዜቱን ከፈተችው። «እሱን ተይው!» ብዬ ሳልጨርስ መብራቱን አበራችው። ከነመዶሻው፣ ከነፒንሳው፣ መሃል ላይ ከተጣሉ ብስክሌቶች የፈታኋቸው ጥቁር ሰንሰለቶቼ ተንጠልጥለዋል።

«የጌታ ያለህ!» ወደ ኋላ ተመለሰች። «እህት ዘውዴ... አራት ናቸው!»

እህት ዘውዴ እጃቸውን አነሡ። ከዚህ በላይ ዝም ብል ራሴ ላይ ሊጭኑት ነው።

«የብስክሌት ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሰንሰለቱ። አልበጠስ ያለኝ። ወጥ ቤት ነው ያለው።»

ወሰድኳቸው። የሰናይትን ነገር እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እህት ዘውዴ ብስክሌቱን ዞረው አዩት። ቁጣቸውን እየጠበቅሁ ነው።

«እና ልጅቷ ነገ በምን ልትሄድ ነው?» አሉ።

«እሱ ነው የጨነቀኝ።»

ካፖርታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እኔኮ ባህር ዳር ነው ያደግሁት። ወንድሞቼ ብስክሌት ይሰብራሉ፣ እኔ እጠግናለሁ። ለመሆኑ መዶሻ አለሽ? ወፍራም ሚስማርስ? ጫፉ የደነዘ ይሁን። ከሥር ደግሞ ትልቅ ዳዶ አድርጊልኝ፣ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ እንዲወርድ።»

ሁሉም ነበረኝ። ዳዶውን ከኮረሪማ ብልቃጥ አወጣሁላቸው።

«ሙሉ፣ አጥብቀሽ ያዢ። እናንተ ደግሞ ምን ትገተራላችሁ? ጸልዩ እንጂ!»

እህቶቹ ጸለዩ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር «ይበጠስ!» ይላሉ። አራተኛው ላይ ፒኑ ቂው ብሎ ወጣና ሰንሰለቱ ለሁለት ተከፍሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ተበጠሰ!»

እልልታው ቀለጠ። እኔም አብሬ እልል አልኩ፣ ለምን ይዋሻል። አንዷ ስልኳን አውጥታ «ተበጠሰ!!!» ብላ ለግሩፑ ጻፈች። ምን እንደተበጠሰ አልጻፈችም።

ክሎዜት ውስጥ ከተሰቀሉት አንዱን ለክተን፣ በዚያው ሚስማር አሳጥረን ገጠምንለት። ጎማው እንደ ልቡ ዞረ። እህት ዘውዴ እጃቸውን እየታጠቡ «ለግሩፑ የሆነውን ነገር አንቺው አስረጂ» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ሰኞ ማለዳ ሰናይት ቴክስት አደረገችልኝ፦ «ደረስኩ እትዬ። በሩ እንኳ ገና አልተከፈተም።»

ሌላው ቴክስት ሁሉ ከግሩፑ ነው። ምስክርነት ስጪን ይላል። እየጻፍኩ አጠፋሁ፣ እየጻፍኩ አጠፋሁ፣ በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት፦ «የተወደዳችሁ፣ ሰንሰለቱ ያሰረው እኔን አልነበረም። የብስክሌት የኋላ ጎማ ነው።»

የመጀመሪያው መልስ ወዲያው መጣ።

«አሜን! የፊተኛውም ይፈታል!»

የፊተኛውማ ምንም አልሆነም።