ሩዙ በጣም ይጣፍጣል

ሰላም በማዕድ ይመጣል የሚሉ ሰዎች መሐል ሁለት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ማለቴ፣ እነሱ ሲበሉ እኔ አቀርብ ነበር። የተቀጠርኩት ለሰላም አይደለም፤ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አይሁዳዊት ለመንከባከብ ነው። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ሻወር አስገባቸዋለሁ፣ እግራቸውን ክሬም እቀባለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እንጨቃጨቃለን። በልቤ እትዬ ነው የምላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የማወራውን ስትሰሙ «ምን ዓይነት አውሬ ናቸው» እንዳትሉብኝ ነው። የእኔን ገና፣ በጃንዋሪ የሚውለውን፣ አንድም ጊዜ ረስተውብኝ አያውቁም።

እትዬ ማኅበር ነበራቸው። የከተማው አይሁዶችና አረቦች በወር አንድ ቀን ተራ በተራ እየተጋበዙ አብረው የሚበሉበት፣ እየበሉም የሚወያዩበት ማኅበር ነው። እኔ ዛሬ ጴንጤ ብሆንም ማኅበር ስጠጣ ነው ያደግሁትና አልገረመኝም። የገረመኝ ኮሮና ሲመጣ ዙም ላይ መውጣታቸው ነው። ወይ ጉድ! ሁሉም በየቤቱ ሳህኑን ታቅፎ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። «ምን እየበላሽ ነው?» «ምስር።» «እኔም ምስር!» ይባባላሉ፤ እልል ማለት ነው የሚቀራቸው። ሰው ሲያኝክ በመስኮት ማየት ምን ሰላም እንደሚያመጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከእነሱ ውስጥ አንዲት ፍልስጤማዊት ነበረች። እኩያዬ ናት፣ ሃምሳ ገባ ያለች፣ ባሏ የሞተባት። ግሮቭፖርት አንድ ዌርሃውስ፣ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ከሺፍት ወጥታ እዚያው ፓርኪንጉ ላይ መኪናዋ ውስጥ ሆና በስልኳ ትገባለች፤ ማዕዷ ሳንድዊች ናት። ሌሎቹ ተሰነባብተው ሲወጡ እሷና እትዬ ይቀራሉ። ስለ ቲማቲም ነበር የሚያወሩት። መቼ ይዘራል፣ ቅጠሉ ለምን ይጠወልጋል፣ ሽኮኮ እንዴት ይባረራል። አንድ ቀን ስክሪኑን ዘግተው «ሴት ልጅ ብወልድ ኖሮ እሷን ነበር የምትመስለው» አሉኝ። እኔ ተንበርክኬ እግራቸውን እያሸሁ! ምን እዋሻለሁ፣ ቅናት ያዘኝ። እትዬ የወለዱት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ክሊቭላንድ ነበር የሚኖረው።

በ2021፣ ሁሉም ክትባቱን ሲጨርስ፣ በአካል የሚበላው የመጀመሪያው ማዕድ በእትዬ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ቀኑ ሜይ ላይ ተቆረጠ። ፍልስጤማዊቷ ላብስል አለች። እትዬ እንደ ሙሽራ እናት ነው የሆኑት፤ መጋረጃ አሳጠቡኝ፣ ማንኪያ አስወለወሉኝ፣ አስሬ ወንበር አስቆጠሩኝ።

ያን ሳምንት እዚያ አገር እሳት ወረደ። ጋዛ ላይ ቦምብ ይዘንባል፣ ከጋዛም ሮኬት ይተኮሳል። እትዬ የእህታቸው ልጆች እዚያ፣ ሮኬቱ በሚወድቅበት በኩል አሉና ስልካቸውን ጨብጠው እህል አልበላ አሉኝ። ግብዣው ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። የማኅበሩ መሪ ከዎርዝንግተን የሚመጡ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ አረብም አይሁድም አይደሉም፣ እንዲሁ ማስታረቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ወሬ ሲግል የሚያንቃጭሏት ትንሽ የነሐስ ቃጭል አለቻቸው። እሳቸው ለእትዬ ደውለው «ይልቅስ አሁን ነው አብረን መብላት ያለብን» አሉ። «አንድ ደንብ ብቻ ይኑረን። ዜና ከበር ውጭ ይቀራል።» እትዬም ሌሎቹም ተስማሙ።

የእትዬ ወጥ ቤት የሥጋ ዕቃና የወተት ዕቃ ተለያይቶ የሚቀመጥበት ነው። ወሎ ተወልዶ ላደገ ይሄ ብርቅ አይደለም። እኛም ዘንድ ሠርግ ሲሆን ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለእስላሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያያል፤ ከዚያ አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል። ከውጭ የተበሰለ ሥጋ እትዬ ቤት ስለማይገባ፣ ሴትዮዋ እዚሁ መጥታ በእሳቸው ድስት፣ ሃይማኖታቸው ከሚፈቅደው ሱቅ በተገዛ ዶሮ እንድታበስል ተነጋግረው ነበር። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ መጣች። ዓይኗ አብጧል። «አለርጂ ነው» አለችኝና ደበርጃኑን መላጥ ጀመረች።

እትዬ ላይ ቤት ጋደም ብለው ነበር። እኛ እየሠራን ሳለ ቢላዋውን አስቀመጠችና «እህቴ ሞተች» አለችኝ። ጋዛ ያለችው ታናሽ እህቷ። ቤቱ ተመታ፤ እሷም ከነባሏ ውስጥ ነበረች። ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ላይ ሆና ነው ኮል ያደረጉላት፤ ከትናንት ወዲያ።

ክው አልኩ። እኛ መርዶ እንዲህ አንናገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ የምትወድቂበት ትከሻ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገርሽ። እሷ የሰማችው ካርቶን ክምር መሐል ብቻዋን ቆማ ነው።

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አልኳት፤ ጮህኩባት ማለት ይቀላል። «ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ለሌላው ያበስላል እንዴ?»

«እኛም ዘንድ አያበስልም። ጎረቤት ነው አብስሎ የሚያመጣው» አለች። ቀና ብላ ወደ ደረጃው አየች። «እሳቸውም ዘንድ እንደዚያው ነው። ራሳቸው ነግረውኛል።»

«ቀሪያ! ማን ይቆጣሻል?»

«ከቀረሁ ጠልታን ቀረች ይላሉ። ደግሞ…» እጇን በፎጣ ጠረገች። «አንድ ቃል እንዲሉኝ ነው የምፈልገው። ከሌላው ምንም አልጠብቅም። ከእሳቸው አፍ አንድ ቃል።»

ልንገራቸው ብላት እምቢ አለች። ማዕዱ ላይ ራሷ ልትነግራቸው ነው። አንጀቴን በላችው። ሽንኩርቱን ነጥቄ እኔ ከተፍኩ፤ ቢያንስ የሚያለቅሰው ዓይኔ ምክንያት ይኑረው ብዬ።

ማምሻውን ሁሉም መጣ። ምግቡ ሩዝ፣ ዶሮና ደበርጃን አንድ ላይ የሚበስልበት ነው፤ ሲያልቅ ድስቱ ትሪ ላይ ይደፋል። ሴትዮዋ ጠረጴዛው መሐል ደፋችው፣ ድስቱን ቀስ ብላ አነሳች፣ ሩዙ ሳይፈርስ ቆመ። አጨበጨቡላት። በእህቷ ለቅሶ፣ ቆማ፣ ተጨበጨበላት።

መብል ሳይጀመር እያንዳንዱ «ወደዚህ ማዕድ ይዤ የመጣሁት» ብሎ አንድ ነገር መናገር ልማዳቸው ነው። አንዱ ተስፋ ይዤ መጣሁ አለ። አንዷ ትዕግሥት። አንድ ግብፃዊ ኢንጂነር ቀልድ ነው ይዤ የመጣሁት አለና ቀለደ፣ ተሳቀለት። ተራው እሷ ጋ ደረሰ።

«እኔ ይዤ የመጣሁት እህቴን ነው» አለች። «በዚህ ሳምንት ጋዛ ውስጥ…»

ቃጭሏ ጮኸች። የጥርስ ሐኪሙ ፈገግ ብለው፣ በዚያ መርፌ ሊወጉህ ሲሉ በሚያወጡት ድምፅ፣ «ወዳጄ፣ ተስማምተን የለ? ዜና ከበር ውጭ» አሏት።

«ዜና አይደለም» አለች። «እህቴ ናት።»

ቃጭሏ ደገመች። ግብፃዊው ጨው አቀብሉኝ አለ፤ ጨው አጠገቡ ነበር። ሌሎቹ ሳህናቸውን ያያሉ። እሷ ማንንም አላየችም፣ እትዬን ብቻ። እትዬ ትይዩዋ ነው የተቀመጡት፤ እጃቸውን ቢዘረጉ እጇን ይይዙት ነበር። ሰምተዋል። የመስሚያ መሣሪያቸውን ከጆሯቸው ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ባትሪውንም ያን ዕለት ነው የቀየርኩት። ማንኪያቸውን አነሱ፣ ከሩዙ ዘገኑ፣ አኘኩ፣ ዋጡ።

«ሩዙ በጣም ይጣፍጣል» አሉ።

እፎይ ተባለ! «እውነት ነው፣ ግሩም ነው፣ ምን ምን ገብቶበታል?» ብለው ሁሉም ባንድ አፍ ተንጫጩ። እሷም መለሰችላቸው። ቀረፋ፣ እርድ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ። ቆማ ቅመም ቆጠረችላቸው።

ደሜ ፈላ። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ «ሰው ሞቶባታል! አልሰማችሁም?» አልኩ። ስናደድ እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል፤ ቢሰባበርም ገብቷቸዋል። የጥርስ ሐኪሙ ስለ ስሜቴ አመሰገኑኝና የማኅበሩ አባል አለመሆኔን በትሕትና አስታወሱኝ። እትዬ ዞር ብለው አላዩኝም። «ሻዩን አምጪልን» አሉኝ።

ሻዩን አመጣሁ። ስኳሩን ግን አላመጣሁም፤ መራራውን ይጠጡት።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ከዚያ ያበሰለችባቸውን ድስቶች አጥባ፣ የሥጋውን ከሥጋው ጋር መልሳ፣ ለሁሉም ደህና አምሹ ብላ ወጣች። እንግዶቹ ሲሄዱ እትዬን «ምን ነካዎት?» አልኳቸው። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አሉኝ። «ደግሞ እሷ ብልህ ሴት ናት፤ ትረዳኛለች።»

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኔ ሁለት ሴቶች ይዤ ለቅሶ ልደርሳት ሄድኩ። እንደ ወጉ የታሸገ ውሃ፣ ዳቦ፣ ምስር ወጥ ተሸክመን ገባን። ስታየን መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ፍራሹ ላይ ሰብሰብ ብላ ቦታ ለቀቀችልን። አንደኛዋ እህታችን ስለ ጌታ ልትመሰክርላት ከጀላት፣ በክርኔ ጎሸምኳት። አጠገቧ ተቀመጥን። ቆይታ ፎቶ አወጣች። እህቷ ፍንጭት ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ድመት ታቅፋለች። ስሟን ነገረችን። እኛም ስሟን እየጠራን አለቀስንላት። ስም ሳይጠራ ምን ለቅሶ አለ? እሷም ያን ጊዜ ነው ጮኻ ያለቀሰችው።

ወደ ማኅበሩ ዳግመኛ አልተመለሰችም። «ጊዜ ያስፈልጋታል» ተባባሉ። እትዬ ሲደውሉላት ታነሳለች፣ ስለ ቲማቲሙ ሲጠይቋት በትሕትና ትመልሳለች። «አየሽ፣ ተረድታኛለች» ይሉኛል ስልኩን ዘግተው። እኔ እግራቸውን እቀባለሁ።

በ2022 ክረምት፣ በረዶው ከብዶ ሳለ፣ የእትዬ ልጅ ክሊቭላንድ ውስጥ ድንገት ልቡ ቆሞ ሞተ። አንድ ልጃቸው ነው። ከቀብር ስንመለስ መስታወቶቹን በአንሶላ ሸፈንኩ፤ እሳቸው በወጋቸው መሠረት አጭር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቤቱ በሰውና በምግብ ተሞላ። ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ። የጥርስ ሐኪሙ አቅፈዋቸው አለቀሱ። ግብፃዊው ቴምር ይዞ መጥቶ ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ነገሩት፣ ስሙን እየጠሩ፣ ከልጅነቱ ጀምረው። ቃጭል ያመጣ ሰው አላየሁም።

እትዬ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። «መጣች?» ይሉኛል። አልመጣችም። በነጋታውም «መጣች?» አንጀቴ አልችል ሲለኝ ደወልኩላት። «ሰምቻለሁ» አለችኝ። «እመጣለሁ።»

ሐዘናቸውን ሊፈቱ ሲሉ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ገብታ በእንግሊዝኛ ሰላም አለች፣ ትይዩዋቸው ተቀመጠች። እትዬ ፊታቸው በራ፤ ያን ሁሉ ቀን ያላየሁትን። ጎረቤት ያመጣው የዶሮ ሩዝ ነበር፤ አሙቄ አቀረብኩላት። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ መብላት ጀመረች።

«መንገዱ በረዶ ነው» አለች። «270 አውራ ጎዳና ላይ መኪና ቆሟል።»

«አዎ» አሉ እትዬ።

«ዘንድሮ ቲማቲሙን ቀደም አድርጌ ልዘራ አስቤያለሁ።»

እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጠበቁ። እሷ ትበላለች። በመጨረሻ አልቻሉም፤ «ልጄን ቀበርኩት» አሏት። «አንድ ልጄን።»

ሴትዮዋ ቀጥ ብላ አየቻቸው። ከሩዙ ዘገነች፣ አኘከች፣ ዋጠች።

«ሩዙ በጣም ይጣፍጣል» አለች።

እኔ በልቤ እሰይ አልኩ። ምን እዋሻለሁ፣ እሰይ! ነው ያልኩት። ከዚያ የእትዬ አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየሁና እሰዬው አፌ ውስጥ ደረቀ።

ሳህኗን ወጥ ቤት ወስዳ አጠበች፣ ቦታው መለሰች። ካፖርቷን ስትለብስ እትዬ ከአጭሩ ወንበር ሊነሱ ታገሉ። አነሳኋቸው፤ ዎከራቸውን፣ መራመጃቸውን እየገፉ በሩ ድረስ ተከተሏት።

«እህትሽ» አሏት። «ስሟ ማን ነበር?»

ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቋጥራ ጨረሰች፣ ቀና አለች። ተቆጥታ አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ያን ቀን ነበር የምነግርዎት» አለች። ደህና ይሁኑ ብላ ወጣች፤ በሩንም ብርድ እንዳይገባባቸው ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እትዬ ዎከሩን ይዘው ቆሙ። መኪናዋ ተነስታ እስክትሄድ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ለቅሶ ደርሰሻታል። ስሟን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ንገሪኝ።»

ክንዳቸውን ይዤ አጭሩ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሻይ ቀዳሁላቸው፣ ስኳር ጨመርኩ፣ አማሰልኩላቸው። ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ «እባክሽ» አሉኝ። በማግስቱም እግራቸውን ስቀባ ጠየቁኝ። አልነገርኳቸውም።