ሐይቁን አስፈቅደው የሚቀዱት ሴት

ባለፈው መጋቢት በሰባ አራት ዓመታቸው ያረፉት ፍሎረስቲን ዴኔቸዜ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፉት ከሐይቁ ውሃ ሲቀዱ ነው። ለመጠጥ አይደለም፤ ለምርመራ። ከዚያ በፊት አርባ ዓመት ዓሣ ሲዘለዝሉና ሲያደርቁ ኖረዋል። በካናዳ፣ በሰሜን ሳስካችዋን ባለችው፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዴኔዎች በሚኖሩባት መንደራቸው የእሳቸውን ያህል ስስ አድርጎ የሚዘለዝል አልነበረም።

የዩራኒየም ኩባንያው ከሐይቁ ማዶ ሊቆፍር ሲመጣ መንደሩ ብዙ ነገር ጠየቀ፤ መንገዱ ከአጋዘኖቹ መሻገሪያ እንዲርቅ፣ ዓሣ በሚራባበት ወር ሥራ እንዲቆም። ፍሎረስቲን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ውሃውን የምንጠጣው እኛ ነን። የምንቀዳውም እኛ እንሁን።»

ይህም በስምምነቱ ላይ ሰፈረ። ናሙናውን እሳቸው ይቀዳሉ፤ ጀልባውን የሟች ባላቸው ወንድም ሞደስት ይነዳሉ። በረዶው ከቀለጠ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ይወጣል፤ ቅጹም በእርሳስ ይሞላል፦ ሰዓት፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ ጥልቀት፣ ሙቀት። ፍሎረስቲን አንድም ቦታ ባዶ ትተው አያውቁም።

በሁለተኛው በጋ ጠርሙሶቹ ከሚመረመሩበት ቤተ ሙከራ ደብዳቤ መጣ። በሦስት ጠርሙሶች ውስጥ የሐይቁ ያልሆነ ቡናማ የቅጠል ብናኝ ተገኝቷል፤ ናሙናዎቹ ውድቅ ናቸው። ምክንያቱ ካልታወቀ ከእንግዲህ የሚቀዱት የኩባንያው ሰዎች ይሆናሉ።

ደብዳቤውን ያመጣው ግራንት የሚባል ጺማም የኩባንያው የውሃ ባለሙያ ነበር።

«እማማ፣ እስቲ እንደ ሁልጊዜው ይቅዱና ልይ።»

ሦስቱም በጀልባ ወጡ። ሞደስት ሞተሩን አጠፉ። ፍሎረስቲን ከኪሳቸው አንድ ቁንጥር ትምባሆ አውጥተው ውሃው ላይ በተኑ፤ ከዚያ ጠርሙሱን እዚያው ነከሩት።

«እማማ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠርሙስ ነዋ።»

«ከጠርሙሱ በፊት ያለው!»

ፍሎረስቲን ጣቶቻቸውን አዩ፤ ጠርሙሱን አዩ። ገባቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ ከሐይቁ ሳያስፈቅዱ ወስደው አያውቁም። ቅጹ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ስለ ትንፋሻቸው እንደማይጽፉ ሁሉ ስለ ትምባሆው አልጻፉም።

ሞደስት በዴኔ ቋንቋ አንሾካሾኩ። «ከፒፓዬ ወድቆ ነው በይው።»

«ፒፓ ከተውክ አሥር ዓመትህ! ለአንድ ጠርሙስ ብዬ በእርጅናዬ አልዋሽም።» ወደ ግራንት ዞሩ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሐይቁን ሳስፈቅድ።»

ግራንት ጺሙን አከከ። «ከቀዱ በኋላ ቢሰጡትስ?»

«ከወሰድኩ በኋላ ላስፈቅድ?»

«አትፍረጂበት» አሉ ሞደስት፤ «ኩባንያዎች እንደዚያ ነው የለመዱት!»

ቀድሞ የሳቀው ግራንት ነበር። ፍሎረስቲንም ሳቁን ተከትለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለነገሩ እንግዳ የሚጣራው ደጅ ላይ ቆሞ ነው። እኔ ድስቱ ውስጥ ገብቼ ነው ለካ ስጣራ የኖርኩት!»

እዚያው ጀልባው ላይ ተስማሙ። ትምባሆው ውሃው ወንዝ ሆኖ ከሐይቁ በሚወጣበት ዳርቻ ይሰጣል፤ ጀልባው ከዚያ ርቆ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ግራንት ቃል በቃል ጻፈው። የሚቀጥሉት ሦስት ጠርሙሶች ንጹሕ ሆነው ወጡ፤ ኩባንያውም መቅዳቱ የመንደሩ ሆኖ እንደሚቀጥል በደብዳቤ አረጋገጠ። በቅጹ አናት ላይም አዲስ መስመር ተጨመረ፦ «ሐይቁ የተጠየቀበት ቦታና ሰዓት።»

ቅጹ ለሁሉም ቀጂ አንድ ነው። ስለዚህ በመስከረም ግራንት ለማመሳከሪያ የራሱን ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ፍሎረስቲን እዚያው ዳርቻ ላይ መዳፉን አስዘረጉት። ትምባሆ አጭሶ ስለማያውቅ እፍኝ ሙሉ ዘገነ።

«ቁንጥር ነው ያልኩህ! ሐይቁ ሱሰኛ አይደለም።»

ቀንሶ ወረወረው፤ በነፋሱ ፊት ለፊት። ትምባሆው ተመልሶ ጺሙ ላይ ሰፈረ። ሞደስት በሳቅ ሆዳቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጀርባህን ለነፋሱ ስጥ፣ ልጄ» አሉት ፍሎረስቲን፣ ሌላ ቁንጥር እየሰጡት። «አይዞህ፣ ሐይቁ አልተቆጣም።»

ከዚያ ወደ ጥልቁ ሄደው ሁለት ጠርሙስ ሞሉ፤ የኩባንያውን ግራንት፣ የመንደሩን እሳቸው።