ሰርግ ነው በያቸው

ተወልጄ ያደግሁት ጣና ዳር ነው፤ ጣናን እንደ ተሳፋሪ ያየሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ጣልያን ባሕር ዳር ላይ ሰፍሮ በነበረበት ጊዜ ነው። እኛ ስንሻገር በደንገል ታንኳ ነበር፤ ጉልበታችንን አቅፈን፣ ቀሚሳችን ከሥር ውሃ እየጠጣ። ያን ቀን ሞተር ባለው ጀልባ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር የማልችል ዓይን አፋር ነኝ። ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ያስተማሩኝ የፈረንጅ መነኮሳት ስለ ነበሩ ጣልያንኛ ጥቂት እሰማለሁ። በዚህ ምክንያት የአንድ ሻምበል ሚስት ትንሽ ልጇን እንድይዝላት ወሰደችኝ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ እሺም እምቢም አላሉ። "ምግባርሽን ጠብቂ" ብቻ አሉኝ።

አንድ እሑድ ሻምበሉና ጓደኞቹ ከነሚስቶቻቸው ዘጌን ለማየት ተነሡ። ሲኞራዋ፣ የሻምበሉ ሚስት፣ "ባዶ እግርሽን ከእኛ ጋር አትሄጂም" ብላ የራሷን አሮጌ ጫማ ሰጠችኝ። ሰፊ ስለ ነበር አፍንጫው ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት። በመንገዳችን ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ አለፍን። የጀልባው ማዕበል ታንኳውን ሲያንገላታው ተሳፋሪዎቹ እጃቸውን አወዛወዙለት። እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር። ሕፃኗን ከፍ አድርጌ ያዝሁና ፊቴን ከኋላዋ ደበቅሁ።

ዘጌ ወርደን በቡናው ጫካ መሐል ወዳለው የእግር መንገድ ገባን። ጣልያኖቹ የሰው አጥር ውስጥ ዘው ይላሉ፣ የእንስራ ክዳን ይገልጣሉ፣ ያሸታሉ፣ ይስቃሉ። አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው እህል እየቀመሱ ነበር። የእንግዳ ዓይን እንዳያርፍባቸው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ ሲኞራዋ።

እኛ ዘንድ ሲበሉ መታየት ነውር መሆኑን የምነግርበት ቃል አልመጣልኝም። "በርዷቸው ነው" አልኋት። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ትንሽ እንደ ሄድን የሴቶች ድምፅ ሰማን። ሲኞራዋ "ጭፈራ አለ" ብላ ወደዚያው ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

አንድ ግቢ ውስጥ ሴቶች ክብ ሠርተው ይዘላሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ። መሐል ላይ የተተከለ እንጨት የወንድ እጀ ጠባብና ሱሪ ለብሷል። አንድ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ልጡ የተላጠ የቡና ዱላ እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገው ይንጎራደዳሉ። ጣልያኖቹ አጨበጨቡ።

እኔ ያየሁት ነጠላቸውን ነው። ሁሉም አዘቅዝቀውታል። ሬሳው ርቆ የቀረ ሰው ልቅሶ ነበር። ልቅሶ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍምና፣ እጄ ሳላዘው የራሴን ነጠላ አዘቀዘቀው። እንባዬም መጣ።

ግጥም የሚያወጡት አሮጊት አልቃሽ አዩኝ። ደረታቸውን መምታት ሳያቆሙ እየዘለሉ ወደ እኔ ቀረቡ።

"አንቺ ባለ ጫማ፣ የማን ልጅ ነሽ?"

"የቄስ ልጅ ነኝ፣ እናቴ።"

"የቄስ ልጅ ከእነዚህ ጋር። ደግ ነው። ቋንቋቸውን ትሰሚያለሽ?"

"ጥቂት።"

"እንግዲያው ስሚኝ። ጫካ ገብቶ ሲዋጋቸው ነው የሞተብን። ይህን ካወቁ ቤቱን ከነልጆቹ ያቃጥሉታል። ነጠላሽን መልሺው። ሰርግ ነው በያቸው።"

ነጠላዬን መለስሁት። ሻምበሉ ዱላውን ትኩር ብሎ ያይ ነበር።

"ያ ሽማግሌ ለምን እንደ ጠመንጃ ያዘው?" አለኝ በቋንቋው።

"ሰርግ ነው። እሳቸው ሚዜ ናቸው። ሚዜ እንዲህ ይጫወታል።"

"ልብሱስ?"

"የሙሽራው ነው። እስኪመጣ ይጠብቀዋል።"

ሰው ፊት ቀና ብዬ አሳምሬ የተናገርሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ሻምበሉ ከገበያ የለቀማት ጥቂት አማርኛ ነበረችው። ወደ ሽማግሌው ዞሮ "ሰርግ?" አላቸው። እሳቸውም ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

"ሰርግ ነው፣ ጌታዬ። ወጣቱ ሲያልቅ በዚህ ዕድሜዬ ሚዜ ሆንሁ።"

ሻምበሉ ከዚህ ሁሉ ሰርግ የሚለውን ብቻ ሰምቶ ሳቀ። አልቃሿ እጃቸውን ከደረታቸው አንሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ። ዜማውን ሳይተዉ ቃሉን ለወጡት፦

ሙሽራው ገሠገሠ ሌሊት ተነሥቶ፤
ከማይመለሱበት አማት ቤት ገብቶ።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። አንዷ እልል ልትል ሞከረች፤ እልልታው መሐል ላይ ተሰበረባት።

"ሙሽሪትስ የት አለች?" አለች ሲኞራዋ።

ጥያቄውን ለአልቃሿ ሳደርስ ጭብጨባው ቆመ። የሟቹ ሚስት የትኛዋ እንደ ሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሴቶቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጠጉሯን ተላጭታለች፤ ፊቷን ከመንጨቷ ብዛት ጉንጯ ደም አዝሏል። ያን ፊት ያየ ሰው፣ ፈረንጅም ቢሆን፣ ሰርግ ነው ብሎ አያምንም።

"በእኛ አገር ሙሽራ ትሸፈናለች" አልኋት ሲኞራዋን። ለአልቃሿም "ሸፍነው ያምጧት" አልኋቸው። ሰርግ ነው በያቸው ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህን ግን ያሰብሁት እኔ ነኝ።

በጋቢ ሸፍነው፣ ሁለት ሴቶች በብብቷ ገብተው አመጧት። ጋቢው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲኞራዋ ከባርኔጣዋ ላይ ሪባን ፈትታ በጋቢው ላይ አሰረችላት። "ታለቅሳለች" አለች ቀስ ብላ። "እኛም አገር ሙሽራ ታለቅሳለች።" የራሷ ዓይንም እንባ አቀረረ። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

መሄጃችን ሲደርስ ሻምበሉ ወደ ኋላ ዞረ። "አንቺስ አትመርቂያትም?" አለኝ። ለልቅሶ ቢሆን "እግዜር ያጥናሽ" ነው የሚባለው፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሻምበሉ ግን ሰርጋችንን አይቶ ባያውቅም ቃሉን ያውቃል። የሰርግ ምርቃታችንን ተምሮ ወይን በጠጣ ቁጥር ይቀልድበት ነበር። ቆሞ ጠበቀኝ።

ጎንበስ ብዬ ለጋቢው "ውለዱ፣ ክበዱ" አልሁት።

ከጋቢው ውስጥ "አሜን" አለች።

ሻምበሉ ሳቀና መንገድ ጀመረ። ዛሬም ሰርግ ቤት ስጠራ፣ ያችን ምርቃት ሌላ ሰው እስኪላት ድረስ ከሴቶቹ ኋላ እቆማለሁ።

ወደ ጀልባው ስንወርድ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝሁ። ሲኞራዋ እግርሽ ይቆስላል ብትለኝም በባዶ እግሬ ሄድሁ። ሞተሩ ተነሥቶ ከዳር ስንርቅ፣ ከጫካው ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ እንደ ገና ወጣ፤ አሁን ማንንም ሳይፈራ።

"ስሚ፣ ጀመሩ" አለች ሲኞራዋ ደስ ብሏት። "ምን እያሉ ነው?"

ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ቃሉ አይለይም ነበር።

"ሙሽራው መጣ እያሉ ነው" አልኋት።

ከዚያ ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ጀልባው ላይ ይህ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።