ጽዋው ዳዊት ሰፈር ሲደርስ

ዛሬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክ ጨብጬ ሕዝብ ፊት በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበልኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ዳዊት ነበር።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያው ዳዊት ተነስቶ ተቃወመኝ።

ስብሰባውን የጠራው እዚህ ባሕር ማዶ የምንኖርበት ከተማ አስተዳደር ነው፤ ጉዳዩ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል ነበር። እኔ ድሮ ኒውክሌር ሲባል የሚታየኝ ቦምብ ነው። «ጭስ የለውም፣ ንጹሕ ነው» ብሎ ያሳመነኝ ዳዊት ነው፣ በየወሩ የጽዋ ማኅበራችን ላይ እየሰበከ። «ጽዋው በየቤታችን በተራ ይዞር የለ? መብራት የፈለገም ማመንጫውን ሰፈሩ ይቀበል» ይለን ነበር።

እኔም ይህንኑ ተናግሬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ማመንጫው የታሰበበት ቦታ ካርታ ስክሪን ላይ ወጣ። ቦታው ዳዊት አምና ከገዛው ቤት ጀርባ!

ማይኩን ተቀበለና «ልጆች አሉኝ፣ ሴፍ አይደለም» አለ። የእኔ ልጆች ከብረት የተሠሩ መስሎት ይሆን?

ይባስ ብሎ ራይዴ እሱ ነበር፣ በመኪናው ወደ ቤት የሚመልሰኝ። እኔ እስከምኖርበት ላንድማርክ ሰፈር ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ነዳ። ስወርድ «ቤቴ እኮ ነው፣ ተረጂኝ» አለኝ።

በሚመጣው ወር የጽዋው ተረኛ እሱ ነው። ይቀበል እንደሆነ እናያለን።

እናንተንስ አሳምኖ መሐል መንገድ ላይ ጥሏችሁ የዞረ ሰው አለ? እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ኒውክሌሩን አሁንም አምነዋለሁ። ማመን ያቃተኝ ዳዊትን ነው።