ጉራ ብቻ፣ ወገብ ዘጠና ስድስት

ልብስ ሰፊዋ ሰው ትጠላለች ቢባል ሐሜት ነው። ትንቃለች እንጂ አትጠላም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ የሰው ወገብና የሰው ዳሌ ስትለካ ኖራ፣ ከአንዲት ልጅ በቀር የማትንቀው ሰው አልተረፋትም። ምን ታድርግ፤ ሜትር ሲጠመጠምበት የማይዋሽ የለም። አንዷ ትንፋሿን ውጣ ሆዷን ትሰበስባለች። ሌላዋ «ትንሽ አጥብቢው፣ እስከዚያ እከሳለሁ» ትላለች። እስከ መቼ ድረስ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ለደንበኞቿ ስም ታወጣለች። ትክክለኛ ስማቸውን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ይመስላታል። ከገበር ትራፊ ጣት የምታህል ቁራጭ ትቀድና፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ያወጣችውን ስምና የወገቡን ልክ ጽፋ ኮሌታው ውስጥ በሁለት ክር ትይዘዋለች። «ነገ እመጣለሁ፣ ወገብ ሰማንያ።» «ሆድ ሲታመቅ፣ ወገብ መቶ ሁለት።» ልብሱ የሚወሰድ ቀን ክሩን በጥሳ ቁራጯን ታነሣለች፤ ባለቤቷም ምን ስትባል እንደከረመች ሳታውቅ አመስግና ትሄዳለች።

ችግሩ አዝዘው የሚቀሩት ናቸው። ጨርቁ የራሷ የሰፊዋ ስለሆነ፣ ዓመት ጠብቃ ባለቤት ያጣውን ልብስ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ግማሿን የያዘው ደግሞ ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ነው። እዚያ ውስጥ ለራሷ ብላ የሰፋችው አንድም ልብስ የለም። ሰው የተወውን ትለብሳለች፤ ሲሰፋት ታጠብባለች፣ ሲያጥራት ጠርዙን ትለቃለች። ቁራጯን ግን አታነሣም። ባለቤቷ አንድ ቀን ብትመጣስ ትላለች። ሰበብ ነው፤ ስንፍናዋ ነው።

የስንፍናዋን ዋጋ ባለፈው ወር አገኘች። ወንድሟ ቤት ለምሳ ተጠርታ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ሄደች፤ ከላይ እስከ ታች ሰሐን ሰሐን የሚያህሉ ቀይ አበባዎች ያሉበት። ከአራት ዓመት በፊት አዝዛው የቀረችው የወንድሟ ጎረቤት፣ የፋርማሲስቱ ሚስት ናት። ያኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ባሏ አዲስ መኪና አውርታ፣ ሰፊዋ ላይ ራስ ምታት ለቅቃባት ነበር የሄደችው። እሷም ለምሳው ተጠርታ ኖሯል፣ ቀሚሱን ስታይ ጉርሻዋን አቁማ ተነሣች።

«ይሄ የኔ ቀሚስ አይደል እንዴ?» አለችና፣ በሰው ፊት የሰፊዋን ኮሌታ ከኋላ ገልብጣ ጮክ ብላ አነበበች። «ጉራ ብቻ፣ ወገብ ዘጠና ስድስት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰፊዋ እንደ ሸምበቆ ቀጭን ናት። «ዘጠና ስድስቱን የት ደበቅሽው?» አለ አንዱ፣ አፉ ሙሉ ሆኖ። የፋርማሲስቱ ሚስት እንባዋ እስኪወርድ ስቃ «አይ፣ የኔስ አይደለም፤ እኔን አይመስልም» ብላ ተቀመጠች። ሰፊዋ ምን ትበል? ያንቺ ስም ነው ብትል ጠብ ነው፤ ዝም ብትል ስሙ የሷ ሆኖ ይቀራል። ጥርሷን ነክሳ ወደ ምሳዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈርተኛው «ጉራ ብቻ፣ እንዴት አደርሽ» ይላት ጀመር።

ይህንንም ትችለው ነበር፤ ድሮስ ስለነሱ ምን አስጨነቃት። ያልቻለችው የወንድሟን ልጅ ነው። የማትንቃት ሰው ያልኳችሁ እሷን ነው። ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ስለሞተችባት፣ ከመጀመሪያ ዩኒፎርሟ ጀምሮ የሰፋችላት፣ የታመመች ቀን ያስታመመቻት አክስቷ ናት። አሁን ነርስነት ጨርሳ እሁድ ትመረቃለች። ሰኞ ሱቅ መጥታ፣ አቀርቅራ የክር ጥቅል እየነካካች፣ «አክስቴ፣ እሁድ ከኔ ጎን ነው የምትቀመጪው። እባክሽ የራስሽን ልብስ ልበሽ» አለቻት።

«የለበስኩት የማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የሰው ነዋ።»

ልጅቷ ስትሄድ ሰፊዋ የጀመረችውን ስፌት አቆመች። የሰው ወርቅ አያደምቅ እያለች ሌላውን ስትተርብበት ኖራለች፤ በሷ ላይ ሲመለስ እንዲህ የሚያም አይመስላትም ነበር። የራሴን ካላገኘሁ አልሄድም አለች። ካልሄደች ደግሞ የልጅቷ ጎን ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ልጅቷ ሌላ እናት የላትም። አዲስ ልስፋ ብላ መደርደሪያዋ ላይ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ዳበሰች፣ አንዱም አላማራትም። ምን እንደምትወድ አታውቅም፤ የምታውቀው የምትንቀውን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሱቋን ዘግታ ቁም ሣጥኑን ገለበጠችው። ሃያ ሦስት ልብስ አልጋው ላይ ተከመረ። አንድ በአንድ እያነሣች ባለቤቶቹን ትዘልፍ ጀመር። ግራጫው ኮት የ«ነገ እመጣለሁ» ነው፤ ነገዋ ስድስት ዓመት የሆነባት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ። አሥራ ስምንት አዝራር አስተክላበታለች፤ ቆልፋ እስክትጨርስ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ወረወረችው። አረንጓዴው ሸሚዝ የ«ከንፈር መጣጭ» ነው፤ ዳንቴል በዳንቴል የሆነው ለቅሶ ቤት ጎልታ እንድትታይበት ነው። እሱንም ወረወረችው። የ«ሆድ ሲታመቅ»ን ጉርድ አንሥታ፣ ለራሷ ካጠበበችው ወዲህ የታመቀውም ያልታመቀውም ሆድ የማይገባበት መሆኑን አይታ፣ እሱን ስትወረውር ትንሽ ሳቀች።

እንዲህ እንዲህ ስትል አልጋው ላይ ቢጫው ብቻ ቀረ። ልትወረውረው አነሣችው፣ እጇ እምቢ አላት። ብብቱ ሥር ጨርቁ ሳስቷል። ከሃያ ሦስቱ ለብሳ ለብሳ ያሳሳችው እሱን ብቻ ነው። ሌላውን የምትለብሰው እርቃኗን መሄድ ስለማይቻል ነው። ልጅቷ የመጨረሻ ፈተናዋን ያለፈች ቀን የለበሰችው ግን ቢጫውን ነው፤ ሱቋን የከፈተችበትን ቀን በየዓመቱ ስታስብ የምትለብሰውም እሱን ነው። ስታጠብበውም እንደሌላው በጥድፊያ አልነበረም። ስፌቱን በሙሉ ፈትታ፣ ከወገቡ አንድ ስንዝር ወስዳ፣ እጅጌውን አሳጥራ፣ ገበሩን ቀይራ እንደ አዲስ ነው የሰፋችው። ለምን? ስለምትወደው ነዋ። ቢጫ ላይ ሰሐን የሚያህል ቀይ አበባ ትወዳለች። የሰውን ምርጫ ስትንቅ ኖራ ኖራ፣ የራሷ ምርጫ የዚያች ጉረኛ ምርጫ ሆኖ አገኘችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ራሷን የሰደበችውን ስድብ ለማንም ሰድባው አታውቅም።

ተናዳ ተናዳ ሲወጣላት ተነሣች። ቁም ሣጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ሃያ ሁለቱን ለፍራሽ ሰፊው እንዲሆን ጆንያ ውስጥ ጠቀጠቀች። ቢጫውን ከነቁራጯ በመካከለኛው በር ብቻውን ሰቀለችውና ራቅ ብላ አየችው። ባዶው ቁም ሣጥን አማራት።

ዓርብ ዕለት የፋርማሲስቱ ሚስት ዓይኗን በጨው አጥባ ቤቷ ድረስ መጣች። የቁም ሣጥኑ በር ክፍት ነበር።

«ይኸው! ያልኩት አልቀረም» አለች። «አስቤ አስቤ አስታወስኩት፣ የኔ ነው። እሁድ የጎረቤቴ ልጅ ምርቃት አይደል፤ እሱን ነው የምለብሰው።»

ሰፊዋ ወደ ቀሚሱ ዞረች። ሴትዮዋ ከወሰደችው እሁድ አለቀላት። ደግሞ እውነቷን ነው፤ ያዘዘችው እሷ ናት።

«ልኪው» አለቻት።

ሴትዮዋ አጠለቀችው። ትከሻው ላይ አንገራገረ፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ ጭራሽ እምቢ አለ። «ወፍሬ ነው እንዴ?» አለች ከቀሚሱ ውስጥ።

አዎ ልትላት ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን የዚያች ልጅ ማቀርቀር ትዝ አላት። «አልወፈርሽም። እኔ ነኝ ያጠበብኩት። ለራሴ።»

«ታዲያ ፍቺልኛ። የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው አልኩሽ እኮ።»

ሰፊዋ መቀሷን አንሥታ የኮሌታውን ሁለት ክር በጠሰችና ቁራጯን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «እንግዲያው ይሄም ያንቺ ነው። ያዘዝሽ ዕለት የጻፍኩት ነው።» ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ የራሷ ወገብ ላይ ጠመጠመችው። «የኔ ይኸው፣ ስልሳ ስምንት። ዘጠና ስድስቱ የማን እንደሆነ እንለካ? ምሳው ላይ የሳቁት ሁሉ እሁድ ይመጣሉ፤ ቀሚሱ ባለቤቱን አገኘ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ሴትዮዋ ቁራጯን አነበበች። ደግማ አነበበች። ሜትሩን አየች፣ በሩን አየች። ቀሚሱን ብትወስድ ስሙም አብሮ ይሄዳል።

«የኔ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ተሳስቻለሁ መሰለኝ። የኔ ሰማያዊ ነገር ነበር።»

«ሰማያዊ ነበር» አለች ሰፊዋ።

ቀሚሱን አውልቃ ኩምሽሽ ብላ ሄደች። ሰፊዋ በሩን ዘጋችና ሜትሩ አሁንም ወገቧ ላይ መሆኑን አየች። ሃያ ስድስት ዓመት ስትለካ ራሷን ለክታ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው ሆዷን ሰብስባ እንደያዘች የታወቃት። እንደዚያ ስትንቃቸው እንደኖረቻቸው ሴቶች እሷም ሜትሩን ዋሽታዋለች። ትንፋሿን ለቀቀች። ሰባ አንድ። ከገበር ትራፊ አዲስ ቁራጭ ቀደደች፣ እስክሪብቶውን አነሣች፣ ስሙ ጋ ስትደርስ ግን ብዙ ቆየች። ለሰው ሁሉ ስም የማያጣው አፏ ለራሷ አጣ።

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የፋርማሲስቱ ሚስት ሦስት ረድፍ ኋላ በሰማያዊ ተቀምጣለች፤ ሰማያዊ ደግሞ አያምርባትም። ጥቁር ጋውን የለበሰችው ልጅ አክስቷ ያንኑ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ አይታ ፊቷ ቅጭም አለ።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ያው…»

«ኮሌታውን እይው» አለች ሰፊዋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

ልጅቷ ቀስ ብላ ገለጠችው። ቁራጯ አዲስ ናት፤ በሁለት ክር አልተያዘችም፣ አራቱም ጠርዟ በመኪና ተሰፍቷል። «የራሴ፣ ወገብ ሰባ አንድ» ይላል። ልጅቷ ኮሌታውን መልሳ አስተካከለችና፣ ጎኗ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሣች።